ለቅሬው ምን ያስተምሩታል?

ተጠራጣሪው፦ በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ይሠልጥኑ የሚለውን ሐሳብሽን ሰምቻለሁ፤ ግን ገና ከመነሻው አልዋጥልኝ ብሏል። ይህ አገር አደጋን በወሬ የሚያውቅ አይደለም። የ1965ቱም የ1977ቱም ረኃብ ያለፈው በዚሁ በር ነው። በ2013 መኸር የበረሃ አንበጣ በደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ሰፍሯል፤ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ተረማምዷል። ከዚህ ሁሉ ሕዝቡ የተረፈው አሠልጣኝ ኖሮት ሳይሆን ቅሬ ስላለው ነው። የወሎ ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ ያሰፈረ፣ በዳኛው የሚመራ፣ የቀረውን የሚቀጣ፣ ሬሳ የሚቀብር፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ከአምባው ወደ መኪና መንገድ የሚያወርድ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት እንጨትና ሣር የሚያዋጣ ተቋም ነው። አባሉ በፈቀደው ቀን የሚመጣበት፣ ባልፈቀደው የሚቀርበት ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚኖሩበት ግዴታ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ከዞን ከተማ የመጣ አሠልጣኝ በሦስት ቀን ስብሰባ ምን ሊያስተምረው ነው? መረዳዳትን?

ተሟጋቿ፦ መረዳዳትን ላስተምር ብሎ የሚመጣ ካለ፣ ጋሼ፣ እኔም ከእርስዎ ጋር ሆኜ ከመንገድ እመልሰዋለሁ። የእኔ ነገር ሌላ ነው፤ ደግነት የሚሳሳትበት ቦታ አለ፣ ያንን ቦታ ደግሞ ደግነት ራሱ አያሳይም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ያስታውሱ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ያራሰው ተራራ ተደርምሶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት፣ መምህሩ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያው፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀር ዶማና አካፋ ይዞ ሮጠ። ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። እዚያ የጎደለው ርኅራኄ አይደለም፤ ሞልቶ የፈሰሰው እሱ ነው። የጎደለው አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ተዳፋት ገና እንዳልረጋ የሚያውቅ፣ ከላይ ቆሞ ስንጥቁን የሚጠብቅ፣ ቆፋሪውን በጥቂት በጥቂቱ የሚያስገባና ምልክት ሲሰጥ ሁሉም እንዲሸሽ አስቀድሞ የተስማማ ሰው ነው። የአምባሰል ተዳፋት ከጎፋ ተዳፋት የሚለየው በምንድን ነው? በክረምት ገደል ሥር ያለ ቤት ቢቀበር ቅሬው ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ቅሬው ጠንካራ በሆነ ቁጥር ወደዚያ ገደል የሚሮጠው ሰው ይበዛል። ለዚህ ነው ሥልጠናው የሚያስፈልገው ለደካማው ማኅበር ሳይሆን ለጠንካራው ነው የምለው።

ተጠራጣሪው፦ ይህ ያስደነግጣል፣ አልክድም። ነገር ግን ለአንድ ዓይነት አደጋ የሚሠራውን ለሁሉም አትዘርጊው። የዚህ አገር ዋናው ገዳይ ናዳ አይደለም፣ ድርቅ ነው። ድርቅ ደግሞ ወራት ቆጥሮ፣ በልግ ከድቶ፣ መኸር አሳጥሮ የሚመጣ ነው። አምባሰልን አንሥተሻልና ስለ አምባሰል የተጻፈውን ላስታውስሽ። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ ጥናቱን ያደረገው በዚያው በአምባሰል አውራጃ ገበሬዎች መካከል ነበር፤ መጽሐፉም በ1991 እ.ኤ.አ. ኡፕሳላ ላይ ታትሟል። ምን አገኘ? ገበሬው ክፉ ቀን መምጣቱን ከማንም ቀድሞ እንደሚያነብ፣ ምግቡን እንደሚቆጥብ፣ ከብቱን በተራ እንደሚሸጥ፣ ሥራ ፍለጋ እንደሚሄድ፣ የበረሃ ፍሬና ቅጠል እንደሚለይ፣ በመጨረሻም ነፍሱን ያተረፈው በአብዛኛው በራሱ ጥረት እንደሆነ ነው። ታዲያ ያለቀው ሰው ያለቀው ስላላወቀ ነው? የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም ያውቅ ነበር። በመጋቢት 1976 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደሚራብ ለለጋሾች አስታውቋል። ለጋሹ ተጠራጠረ፣ መንግሥት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መብራትና ባንዲራ ሰቀለ፣ እህሉ በብዛት የመጣው የኮረም መጠለያ ሥዕል በጥቅምት 1977 በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የበጎ ፈቃደኛ ሥልጠና የሚሞላው ክፍተት የቱ ጋ ነው?

ተሟጋቿ፦ እህል የሚያመጣ ሥልጠና የለም። ይህን ካላመንሁ ሙግቴ ከወዲሁ ይወድቃል። ግን ረኃብ ሰውን እንዴት እንደሚገድል አብረን እንመልከት። በ1977 በኮረም፣ በባቲና በሌሎቹ መጠለያዎች ከተሰበሰበው ሕዝብ ብዙውን የጨረሱት ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ታይፈስና የሳንባ ምች ናቸው። ረኃቡ ሰውነትን አዳከመ፣ መጨናነቁ በሽታውን አቀጣጠለ። በ1994 እ.ኤ.አ. ከሩዋንዳ ወደ ጎማ የተሰደደው ሕዝብም በአንድ ወር ውስጥ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሰው ያጣው በዋናነት በኮሌራና በተቅማጥ ነው። ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው የእርዳታ ድርጅቶች ተሰብስበው ስፊር የተባለውን መለኪያ ያወጡት፤ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ የሚለው። አሁን ወደ ሐይቅ ይምጡ። ከወለጋ ተፈናቅለው በጃሪና በቱርክ ካምፕ የተጠለሉ ወገኖች አሉ። የአካባቢው ሰው ልብስ፣ እህል፣ ድስት ይዞ ሄዷል፤ ይህ የደግነቱ ሥራ ነው። መጸዳጃው ከውኃው በታች መቆፈሩን፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አጠገብ ሐኪም ባይኖር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ እንደሚሰጠው፣ ኩፍኝ ከእህል እኩል እንደሚያስቸኩል የሚያውቅ ሰው በየድንኳኑ መኖሩ ግን በደግነት ብቻ አይመጣም። እህሉ ዘገየ ማለት በመዘግየቱ መሐል የሚሞተው ሁሉ መሞት ነበረበት ማለት አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ ያልሽው ሁሉ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራ ነው። መንግሥት ከ1995 ጀምሮ በየቀበሌው ደመወዝተኛ አስቀምጧል፤ የግብርና ባለሙያም አለ። እነሱ ያላደረጉትን ደመወዝ የሌለው ገበሬ ይሥራው ማለት ጭነቱን ከደመወዝተኛው ጫንቃ ወደ ድኻው ጫንቃ ማሸጋገር ነው። ይህን ደግሞ ሞክረነዋል። የሴቶች ልማት ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት እያልን በየጎጡ ያለ ክፍያ የምታስተባብር ሴት መርጠናል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአማራ ክልል ገጠር የተሠራ ጥናት እነዚህ ሴቶች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የበለጠ የተጨነቁ ሆነው እንዳገኛቸው ጽፏል። በጎ ፈቃደኛ የምትያት ሴት ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ በቀረላት ሰዓት ነው የአንቺን መዝገብ የምትሞላው። ወንዱን እንውሰድ ብትይ ደግሞ ጎበዙ የት አለ? የደቡብ ወሎ ወጣት በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ነው፣ ወይም አዲስ አበባ ነው። ዛሬ ያሠለጠንሽው ከርሞ የለም። የሚቀርልሽ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ያለ የተሳታፊዎች ፊርማና የተከፈለ አበል ነው። ሥልጠና በዚህ አገር ለብዙ ሰው ትርጉሙ አበል ሆኗል፤ አበሉ ሲቀር ፈቃደኛውም ይቀራል።

ተሟጋቿ፦ ስለ ሴቶቹ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ከዚያ የምወስደው ትምህርት ግን ሌላ ነው። የልማት ሠራዊት የተዋቀረው ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ተግባሩም ዓመቱን ሙሉ የማያልቅ ነበር፤ ዛሬ ክትባት፣ ነገ ሽንት ቤት፣ ከነገ ወዲያ ስብሰባ። እኔ የምለው ሥራ ጠባብ ነው፤ ሰውም አይመለምልም። ቅሬው ቀድሞም ሥራ ያከፋፍላል፤ የሚቆፍር አለ፣ ቃሬዛ የሚይዝ አለ፣ ለፋፊ አለ፣ ዕቃ የሚጠብቅ አለ። ሥልጠናው ከሰው ስም ጋር ሳይሆን ከነዚህ ኃላፊነቶች ጋር ይታሰር። ቃሬዛ ያዡ አከርካሪው የተጎዳን ሰው እንዴት እንደሚያነሣ፣ ደም የሚፈሰውን እንዴት ጭኖ እንደሚያስር ይወቅ፤ እሱ ሳዑዲ ሲሄድ ቃሬዛውን የሚረከበው ከነእውቀቱ ይረከበዋል። አበልን በተመለከተ፣ ቅሬው በሚሰበሰብበት ቀን፣ በሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር፣ በዓመት ሁለቴ ለግማሽ ቀን የሚደረግ ልምምድ ሆቴል አዳራሽ አያስፈልገውም። ሴቲቱ ግን ከዚያ በላይ ሥራ ከተጠየቀች፣ ለምሳሌ በወረርሽኝ ጊዜ ቤት ለቤት እንድትዞር፣ የቀኗ ዋጋ ይከፈላት፤ ነፃ ጉልበት አለ ብሎ ማሰብ የሚቻለው የሴትን ቀን ባዶ አድርጎ ለሚቆጥር ብቻ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደግሞ ምትክ አልፈለግሁም። አንዲት ሠራተኛ በገደል ለተከፋፈሉ ጎጦች ሁሉ በአንድ ሌሊት አትደርስም። በ1995 እ.ኤ.አ. ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ በዓለም የተመሰገነ የእሳትና አደጋ ሠራዊት ያላት ጃፓን ውስጥ እንኳ ከፍርስራሽ በሕይወት የወጡትን አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው።

ተጠራጣሪው፦ ቅሬውን እንደ ባዶ ዕቃ የፈለግሽውን የምትጨምሪበት አታድርጊው። ቅሬ የጸናው አንድ ነገር ስለሚሠራ፣ በዚያም ሁሉም ስለሚስማማ ነው፤ ቀብር። ሞት ፓርቲ የለውም፣ ሃይማኖት አይለይም። እላዩ ላይ ንጽሕና ስትጭኚ፣ አንበጣ ስትጭኚ፣ የእርዳታ ዝርዝር ስትጭኚ ያ ስምምነት ይሳሳል። በተለይ ዝርዝሩ! ማን ይራባል፣ ማን አይራብም የሚለውን የቅሬ ዳኛ ይወስን ያልሽ ዕለት ዳኛው የቀበሌ ሹም ሆነ ማለት ነው። ወንድም ከወንድሙ ይቀያየማል፤ ቀብር ላይ የሚቀር ይመጣል። ሴፍቲኔት ሲገባ በየቀበሌው የተነሣውን ጭቅጭቅ አስቢ፤ ተመልማይና ያልተመለመለ እየተባለ ስንት ጎረቤት ተኳርፏል። ከዚያም በላይ መንግሥት የሕዝብን ማኅበር ካወቀው አይለቀውም። መዋጮ፣ ስብሰባ፣ ዘመቻ፣ ምርጫ በእሱ በኩል ይመጣል። ሥልጠናሽ ለዚህ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው።

ተሟጋቿ፦ ዝርዝሩን ትክክል ብለዋል፤ ከሥልጠናው ይውጣ። ተረጂ መምረጥ የቅሬ ሥራ አይሁን። የቀረውን ግን ከቀብር ጋር ግንኙነት የሌለው አድርገው አይዩት። አተት ወይም ኮሌራ ሲገባ በሽታው ከሚዛመትባቸው ቦታዎች አንዱ ለቅሶ ቤቱ ነው። ሬሳውን የሚያጥበውና የሚገንዘው እጅ፣ ለለቀስተኛው የሚቀርበው ምግብ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ፣ ሁሉም አንድ ቀን አንድ ግቢ ይገናኛሉ። በዚያ ቀን ቅሬው ራሱ፣ በሙሉ ቅን ልቡ፣ በሽታውን ለሦስት ቀበሌ ሊያከፋፍል ይችላል። ሬሳው በክሎሪን እንዴት እንደሚያዝ፣ ያጠበ ሰው ምግብ እንዳይነካ፣ ድግሱ እንዲቀር ወይም ቀን እንዲተላለፍ ማዘዝ የሚችለው ማን ነው? የጤና ባለሙያዋ ብትናገር ወግ አፈረሰች ትባላለች። የቅሬ ዳኛው ሼሁንና ቄሱን ይዞ ቢናገር ግን ሕግ ይሆናል። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እድሮች ኤችአይቪን ደንባቸው ውስጥ አስገብተው ለታመመና ወላጅ ላጣ ልጅ መርዳት ጀምረው ነበር፤ ለሟች ብቻ የቆመ ማኅበር ለሕያው ሲቆም አልፈረሰም። አንበጣውንም እንውሰድ። በ2013 ሕዝቡ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ቀኑን ሙሉ ሮጧል። ጩኸቱ መንጋውን ያነሣዋል እንጂ አይገድለውም፤ ከአንዱ ማሳ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ያሻግረዋል። አንበጣ የሚመታው ማታ ካረፈበት ሳይነሣ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ክንፉን ፀሐይ ሳያሞቀው ነው። ስለዚህ ከቀኑ ሩጫ ሁሉ የሚበልጠው በምሽት መንጋው የት እንዳደረ አይቶ ለመድኃኒት ረጪዎቹ በስልክ የሚናገር አንድ ሰው ነው። ይህ የቅሬን ስምምነት የሚያሳሳ ጉዳይ ይመስልዎታል?

ተጠራጣሪው፦ ወረርሽኙንና አንበጣውን ልተውልሽ። አሁን ግን ስለ ጦርነቱ መልሽልኝ፤ እስካሁን ሸሽተሽዋልና። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሠለጠነ፣ በስም የተመዘገበ፣ ሰደርያ የለበሰ፣ ቁስለኛ ማንሣት የሚያውቅ ወጣት ምን ይባላል? አንዱ ወገን የእነ እገሌ ሐኪም ይለዋል፣ ሌላው መረጃ አቀባይ ይለዋል። ያልሠለጠነው ጎረቤቱ ግን ገበሬ ብቻ ነው። ምልክት ይጠብቀዋል ትይኝ እንደሆነ፣ ይህ አካባቢ ምልክት የማይጠብቅ መሆኑን ቀድሞ አይቷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ተቋቋመ፤ በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀይ መስቀል የተለጠፈበትን ሆስፒታል አልማሩም። ሱዳን ያሉትን ደግሞ ተመልከቺ። ካርቱም ውስጥ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየሰፈሩ ወጣት የአስቸኳይ ምላሽ ክፍል አቋቁሞ ወጥ ያበስላል፣ መድኃኒት ያድላል፤ ዓለምም ሸልሞታል። ግን ወጣቶቹ በሁለቱም ተዋጊዎች ታስረዋል፣ ተገድለዋል። አንቺ ልታሠለጥኚያቸው የምትፈልጊያቸው ልጆች እነዚህን መሰል ናቸው።

ተሟጋቿ፦ ከጠየቁኝ ሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቀላል መልስም የለኝም። ሁለት ነገር ግን ልበል። አንደኛው፣ በጥቅምት 2014 ሐይቅና ውጫሌ ከደሴና ከኮምቦልቻ ጋር በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ፣ ባንኩና ስልኩ ተቋረጠ፣ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ የእርዳታ ድርጅቱም ወጣ። እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ምጥ የያዛትን፣ ስኳር በሽታ ያለበትን፣ ፈንጂ የመታውን ልጅ ያየው ማን ነው? የቀረው ሰው ነው። ያ ሰው ሠለጠነም አልሠለጠነም አደጋው ውስጥ ነበረ፤ ጎረቤቱን ጥሎ ስለማይሸሽ። ሥልጠናው የሚለውጠው ደም ሲፈስ እጁ የሚያውቀውን ነው። ሁለተኛው፣ ሱዳናውያኑ የተጎዱት በመሠልጠናቸው ሳይሆን በመታየታቸው ነው ብል ከእውነት አልርቅም፤ ከዚያ መማር ይቻላል። ስለዚህ ሰደርያ አይኑር፤ የስም ዝርዝር ወደ ወረዳም ወደ ማንም አይሂድ፤ ማን ምን እንደሚያውቅ የሚያውቀው ቅሬው ብቻ ይሁን። ሰርተፍኬት አይሰጥ። የመጀመሪያ ዕርዳታ እንጂ መረጃ መሰብሰብ የሚባል ነገር በሥልጠናው ውስጥ አይግባ። ከሁሉ በላይ ቅሬው አልፈልግም የማለት መብት ይኑረው፤ እምቢ ማለት የማይቻልበት በጎ ፈቃድ ከግዳጅ አይለይም።

ተጠራጣሪው፦ እያጠበብሽው መጣሽ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን በጠበበ ቁጥር የምትመኪበት የውጭ አገር ምሳሌ ይርቅሻል። ልብሽ ባንግላዴሽ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። በ1970 እ.ኤ.አ. የመጣው አውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ ሰው በላይ ጨረሰ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ጀመሩ፤ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሰው በድምፅ ማጉያና በባንዲራ ሕዝቡን ያስጠነቅቃል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የመጣው ከባድ አውሎ ነፋስ የገደለው ከ3 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነው። ሁሉም ይህን ይጠቅሳል። የማይጠቅሱት፣ መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ የኮንክሪት መጠለያዎች መሥራቱን፣ ራዳርና ሬዲዮ መኖሩን ነው። በጎ ፈቃደኛው ሩጡ ሲል የሚሮጡበት ቦታ አለ። ፕሮግራሙ ተጀምሮ ሳለ በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ ሰው የሞተው፣ መጠለያው ገና ስላልተዳረሰ ጭምር ነው። የአምባሰል በጎ ፈቃደኛ ረኃብ መጣ ብሎ ቢጮህ ሕዝቡ ወዴት ይሩጥ? ዋናው ፍርሃቴ እንዲያውም እዚህ ላይ ነው። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ሠልጥናችኋል፣ ዝግጁ ናችሁ ይባላሉ። አደጋ ሲደርስ ጥያቄው ለምን እህል አልመጣም መሆኑ ይቀርና ለምን ኮሚቴው አልተንቀሳቀሰም ይሆናል። ሥልጠና ለሕዝብ አቅም መሆኑ ቀርቶ ለባለሥልጣን ማምለጫ ይሆናል።

ተሟጋቿ፦ በባንግላዴሽ ላይ ያሉት ልክ ነው፤ መጠለያ የሌለው ማስጠንቀቂያ ጩኸት ነው። ግን የተገላቢጦሹም ልክ ነው፤ ሴቶች ከቤት ለመውጣት ፈቃድ በሚጠብቁበት መንደር መጠለያው ባዶውን ቆሞ ያውቃል፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ከሞቱት አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የበጎ ፈቃደኞቹ ግማሽ ሴቶች እንዲሆኑ የተደረገው በኋላ ነው። ኮንክሪቱም ሰውም ያስፈልጋል፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። ማምለጫ ስለሚሉት ግን ልቃወምዎት። ያልሠለጠነ ሕዝብ ለባለሥልጣን ይበልጥ ይመቻል። በመጠለያው ቦቴ መጥቶ ውኃ ሲቀዳ ተረጂው ምስጋና ብቻ እንጂ ጥያቄ የለውም፤ የመጣው ይበቃ እንደሆነ የሚለካበት ነገር አልተሰጠውምና። ለአንድ ሰው 15 ሊትር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቦቴውን በሕዝቡ ቁጥር ያካፍላል፤ የጎደለውንም በቁጥር ይናገራል። የበሬ ዋጋ ሲወርድ፣ የእህል ሲወጣ፣ ከየጎጡ የሚሰደደው ሲበዛ ቅሬው ከነቀኑ መዝግቦ ቢይዝ፣ የደሳለኝ ገበሬዎች በልባቸው የያዙት እውቀት ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከሁሉም በላይ ሟቹን የሚያውቀው ቅሬ ነው፤ በየጊዜው ስንት እንደቀበረ ያውቃል። ረኃብን የሚደብቅ ባለሥልጣን የሚደብቀው በመጀመሪያ የሞት ቁጥርን ነው።

ተጠራጣሪው፦ ማወቅና ማስገደድ ግን ሁለት ናቸው። በ1976 ቁጥሩ የነበረው በገበሬ እጅ አልነበረም፤ በመንግሥት በራሱ ኮሚሽን እጅ፣ በኮሚሽነር ማዕረግ ላይ ባለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበረ። እሱ ያላስገደደውን የአምባሰል ቅሬ ያስገድዳል? ደግሞ በዚህ ጊዜ ስንት ቀበርን የሚል መዝገብ መያዝ ራሱ አደገኛ ሥራ ነው፤ ቀደም ብለሽ ስም እንዳይመዘገብ የከለከልሽው ለዚሁ አልነበረምን? በአንድ እጅሽ መዝገቡን ዘግተሽ በሌላው እየከፈትሽው ነው።

ተሟጋቿ፦ ተቃርኖው እውነት ነው፤ አልሸሸውም። በሰላም ዘመን የሚጠቅመው መዝገብ በጦርነት ዘመን ያስገድላል፤ ስለዚህ መዝገቡ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው እዚያው የሚኖረው ሰው መሆን አለበት፣ ዞንም ለጋሽም አይደለም። ያስገድዳል ወይ ላሉት፣ በእርግጠኝነት አያስገድድም። በአንድ ኮሚሽን ጠረጴዛ ላይ ያለን ቁጥር ማፈን ግን በመቶ ቅሬ እጅ ያለን ከማፈን ይቀላል። ከዚህ ያለፈ ተስፋ ልሽጥልዎት አልችልም። ሙግቴ የሚቆመው ከዚህ በታች ባለው ላይ ነው፤ መንግሥት ግዴታውን ሙሉ በሙሉ ቢያጓድል እንኳ ከናዳ ሥር ሁለተኛ ሰው እንዳይቀበር፣ ከለቅሶ ቤት ኮሌራ እንዳይወጣ፣ መታሰር የሚችል ቁስል ሰው እንዳይገድል ማድረግ ይቻላል። እነዚህ ሞቶች ማንንም ሳይጠብቁ የሚቀሩ ናቸው። በረኃብ የሚመጣውን ሞት ግን ሥልጠናዬ አያስቀረውም፤ ያስቀራል ብዬ ካስተማርሁ እርስዎ የፈሩትን ማምለጫ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው ይህን የመጨረሻውን ቃልሽን በሥልጠናው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊው፤ እህል፣ ውኃና መድኃኒት ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነው፣ ይህ ሥልጠና አይተካውም ብለሽ። የወረዳው ኃላፊም ይፈርምበት። እዚያ ላይ ነው የምንተያየው። ገንዘብ የሚሰጠው አካል ገንዘቡን የሚሰጠው ለአደጋ የማይበገር ማኅበረሰብ እንፈጥራለን ለሚል ሰፊ ተስፋ እንጂ፣ ሦስት ዓይነት ሞት እንቀንሳለን ለሚል ጠባብ እውነት አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ከእርዳታው ገንዘብ ሩቡ ለአገር ውስጥ ተቋማት በተቻለ መጠን በቀጥታ እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር፤ ከዚያ ብዙ ቀርተዋል። ጠባብ ብታደርጊው ገንዘብ አታገኚም፤ ብታሰፊው ውሸት ይሆናል።

ተሟጋቿ፦ ጠባቡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ክሎሪን፣ ፋሻ፣ ገመድና በዓመት ሁለት ግማሽ ቀን ነው። ፊርማው ግን ከገንዘቡ ይከብዳል። ኃላፊው ካልፈረመ ቅሬው ሁለት ምርጫ አለው፤ ፊርማ እስኪገኝ ሥልጠናውን መተው፣ ወይም ያለ ፊርማ ወስዶ ነገ ሠልጥናችኋል ሲባል መሟገት። እኔ ሁለተኛውን እመርጥ ነበር፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚናደው ተራራ ፊርማ አይጠብቅምና።

ተጠራጣሪው፦ እኔ የመጀመሪያውን እመርጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ያለ ፊርማ የተወሰደ ግዴታ ሲመለስ አላየሁምና። ቢሆንም ሁለታችንም ገደል ሥር የምንኖር አይደለንም። ሁለቱንም ዋጋ ሳትሸፍኚ ለቅሬው ንገሪው፤ ምርጫው የእሱ ነው።